እግር እስኪነሣ የማይጠብቁ ችግሮች
(ደብረ ማርቆስ፣ ለህብለ ሰረሰር ታካሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ታካሚዎች፣ አስታማሚ ቤተሰቦች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ነሐሴ 30 በዓለም ዙሪያ የሚታሰበውን የህብለ ሰረሰር ጉዳት ቀን ምክንያት አድርገን ስንሰባሰብ፣ ጉዳቱን ተከትለው ስለሚመጡ ችግሮች እንድናገር ፍቀዱልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ህብለ ሰረሰሩ (በጀርባ አጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) የተጎዳ ሰው ያለ ዕድሜው የመሞት አደጋው ካልተጎዳው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ አቅማቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ለዚህ ከሚዳርጉት ዋነኞቹ የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ሲሆኑ፣ ሁለቱንም በአብዛኛው መከላከል ይቻላል።

ከዛፍ ወድቆም ሆነ በመኪና አደጋ ተጎድቶ የመጣ ታካሚ አስቀድሞ የሚጠይቀን «መቼ ነው የምራመደው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተስፋው ሁሉ እግሩ ላይ ሲያርፍ፣ ቁስሉም ሽንቱም «ስድን አብሮ የሚለቀኝ» ተደርጎ ይታያል። እግሩ በራሱ ሲንፈራገጥ «ሊነሣ ነው» ብሎ እልል የሚል ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ያ ብዙውን ጊዜ የጡንቻ መገታተር ነው፤ በድንገት ከባሰ ደግሞ የሽንት ፊኛ መሙላቱን ወይም ያልታየ ቁስል መኖሩን ሊጠቁም ይችላል።

በመደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ማስተኛት በቤታችን የተለመደ ነው፤ ስሜት ለሌለው ገላ ግን ይጠጥራል። ስፖንጅ ፍራሽ ቢገኝም እንኳ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አይቀርም። መቀመጫውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በየቀኑ እዩ፤ ታካሚው ራሱ በመስታወት ቢያይ ይመረጣል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ፣ ከወትሮው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ፈልጉ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ፣ ብርዱ ቢያስገድድም ስሜት የሌለውን እግር ወደ ምድጃ አታስጠጉ፤ ሲቃጠል አይነግራችሁም።

ስለ ሽንት መናገር ያሳፍራል፤ ብዙዎችም ልብሳቸው እንዳይረጥብ ሲሉ ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ይህ ለኢንፌክሽንና ለጠጠር በር ይከፍታል። በቱቦ እየቀዱ የሚያስወጡ ታካሚዎች በአብዛኛው በየ4 እስከ 6 ሰዓት እንዲያደርጉት ይመከራል። ጉዳቱ ከደረት አጋማሽ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ራሱን ክፉኛ ካመመውና ፊቱን ካላበው፣ ምች ነው ብላችሁ አታስተኙት፤ የደም ግፊቱ እያሻቀበ ሊሆን ስለሚችል ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብሱን አላሉ፣ ሽንቱን ከፊኛው አስወጡለት፤ ካልተሻለው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ጸበል የምትሄዱትን ማንም አይከለክላችሁም፤ ማገላበጡና ሽንት ማስወጣቱ ግን እዚያም ይቀጥል። ደግሞም ሕይወት እግር እስኪነሣ ተቀምጣ አትጠብቅም፦ አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከተጎዳ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሳትፏል።

ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። መውጫ ወረቀት ከመስጠታችን በፊት፣ ታካሚው ወይም አስታማሚው ማገላበጡንም ቱቦ ማስገባቱንም በፊታችን በገዛ እጁ ያድርገው፤ «ገብቶኛል» ስላለን ብቻ አንሸኘው።

አመሰግናለሁ።