የሶሌታ ሙሌት ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ለሠራተኞች ቀን አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሥራና ፖለቲካ እንድናገር የጋበዙኝ ከቢሮ ወንበር በፊት እዚሁ ካዛንቺስ ፌሮ ስቆርጥና ሳጥፍ ስለኖርኩ ይመስለኛል። እንግዲህ ከማውቀው ልጀምር።

ሶሌታ፣ ማለትም የሕንፃ የኮንክሪት ወለል፣ ሲሞላ ያላያችሁ ትኖራላችሁ። ድብልቁ መፍሰስ ከጀመረ መሐል ላይ ማቆም አይቻልም፤ የፈሰሰው ይጠነክርና ተከታዩ በደንብ አይያያዘውም። ይህንን መሐንዲሱ ያውቃል፣ ፎርማኑ ያውቃል፣ ባሬላ ተሸካሚውም ያውቃል። ክፍያ ሲያጓትት የከረመ ተቋራጭ፣ ሚክሰሩ ሊነሳ ሲል ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ከቆመበት፣ የለም ያለውን ገንዘብ ከየትም ያመጣዋል። አንድ ሰው ብቻውን ቢቆም ግን እዚያው ይባረራል፤ በሩ ላይ ተተኪ ሞልቷል። ስለ ሥልጣን በኋላ ያነበብኩት ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ሆኖብኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የዚህች ከተማ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ በቀናት ውስጥ ዋጋው ተቀነሰ። በወሩ መጨረሻም የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ አድማ መታ። የተማሪውን ትግል ማሳነሴ አይደለም፤ ከተማዋን ቀጥ ያደረጋት ግን መሪ የጨበጠ እጅ ነው።

ታዲያ ላቡን የሚያፈስ ሁሉ አንድ አቋም ይይዛል ማለት ነው? በፍጹም! በቀን ሒሳብ የሚሠራውና ቁርጥ የያዘው፣ ማለትም በሠራው ልክ የሚከፈለው፣ አንድ ወለል ላይ ቆመው የሚመኙት መንግሥት ለየቅል ነው። የመጀመሪያው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገውን የ8 ሰዓት ሥራ የሚያስከብርለት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰዓት ቢገደብበት ይከስራል፤ እንቅልፍ የሚነሳው ሥራ የሚያስፈታው የሲሚንቶ እጥረት ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። በምርጫ ሰሞን ሁለቱን «ታታሪው ሠራተኛ» ብሎ በአንድ የሚጠቀልል ተናጋሪ አንዳቸውንም አላነጋገረም።

በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የሕግ ባለሙያዎች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ሕጉ 10 ሠራተኞች ካሉ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል። የሕንፃ ሠራተኛ ግን ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሳይት ነው፤ ማኅበሩ ተመዝግቦ ሳይጠናከር ሕንፃው ያልቃል። አባልነቱ አሠሪውን ሳይሆን ሙያውን ተከትሎ የሚሄድበትን መንገድ ፈልጉልን። ረቂቁን ስታዘጋጁ ደግሞ በየሳይቱ ኑና አነጋግሩን፤ በሙሌት ቀን ግን አትምጡ።

አመሰግናለሁ።