ያልተጫነ ቆሻሻ ከወንዝ አልወጣም
ለቀበና ወንዝ ዳር ነዋሪዎች በጽዳቱ ዋዜማ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ዳኞች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ ጠዋት ቀበና ወንዝ ውስጥ እንገባለን። ዛሬ የጠራናችሁ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይነካ አውቆ እንዲያድር ነው።

ኅዳርን የመረጥነው አስበንበት ነው። ክረምቱ ያወረደው ሁሉ በየጥጉና በየሥሩ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ውሃው ደግሞ ከጉልበት በታች ወርዷል። ግንቦት ድረስ ብንቆይ ዝናቡ ይቀድመንና ሁሉንም ጠራርጎ ወደ ታች ሰፈር ይወስደዋል። ወደ ታች ሲባል የት ድረስ እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ በደጃችን ያልፋል፤ ከዚያ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ አዋሽ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በአፋርና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከድልድያችን ላይ የተወረወረች ፌስታል ባሕር የምትገባበት መንገድ የላትም። አንድ ቦታ ላይ የአንድ ወገናችን ከብት ይውጣታል፣ ወይም የአንድ ገበሬ ቦይ ትዘጋለች።

ነገ ከሁሉም በላይ የምንጠብቀው ደንብ ይህ ነው፤ ከወንዙ የወጣ ቆሻሻ በዚያው ቀን ተጭኖ ካልሄደ አልወጣም። ብዙ የወንዝ ጽዳት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ በወኔ ይወጣል፣ ዳርቻው ላይ ይከምራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው "ነገ ይመጣል" ይባላል። ማታ ውሻ ማዳበሪያውን ይዘነጥላል፣ ቆራሌው የሚፈልገውን ይለቅምና የቀረውን ይበትናል፤ አንድ ዝናብ ሲጥል ክምሩ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ነው። ስለዚህ ገልባጩ መኪና እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት አስፋልቱ ላይ ካልቆመ ማንም ሰው ወንዝ አይወርድም። ለሌላ ቀን እንቀጥረዋለን እንጂ ክምር ትተን አንሄድም።

ሒሳቡም የተሠራው ከመኪናው ተነስቶ ነው። የተመዘገብነው 60 ነን። 36ቱ ለቃሚዎች ናቸው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በ6 ቡድን ይከፈላሉ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ሜትር ዳርቻ ይደርሰዋል። 18ቱ በ9 ባሬላ የሚሸከሙ ናቸው። 4ቱ መኪና ላይ ይጭናሉ። 2ቱ ጠባቂዎች ናቸው፤ የእነሱን ነገር እመለስበታለሁ። ቀሪዎቹ 24 ሰዎች ውሃ አልነኩም ተብለው እንዳይናቁ፤ የቀኑ ሥራ የሚያልቀው በእነሱ ትከሻ ነው። አንድ ለቃሚ በ3 ሰዓት 8 ማዳበሪያ ቢሞላ ወደ 290 ማዳበሪያ ይሆናል። እርጥቡ ቆሻሻ ከባድ ስለሆነ ማዳበሪያው እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላል፤ ያም ሆኖ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁሉም ሲደመር 6 ቶን ሊጠጋ ነው፤ አንድ ሲኖትራክ ጢም ይላል። እስከ አፉ የተሞላ ማዳበሪያ አፉ አይታሰርም፣ ሲነሳ ይቀደዳል፣ ወገብም ይሰብራል። የታሰረው ማዳበሪያ ተዳፋቱ ላይ ለሩብ ሰዓት ይቁም፤ ውሃው ይንጠፍጠፍለት። ውሃ ጭነን ረጲ ቆሻሻ መጣያ ድረስ የምንሄድበት ምክንያት የለም።

ሃይላንዱን ለብቻ እናስቀምጠዋለን። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውሃው ፈስሶ፣ ተጨምድዶ በሌላ ማዳበሪያ ይገባል። ይህ ለቆራሌዎቹ ይሰጣል፤ የመኪናውንም ቦታ ያተርፍልናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። ዳርቻው ላይ አፈሩ የተቆረሰበትን ቦታ ቀርባችሁ ብታዩ ፌስታል፣ ከዚያ ደለል፣ ከዚያ እንደገና ፌስታል፣ መካከሉ ላይ የጨርቅ ጫፍ፣ የጫማ ሶል ታያላችሁ። የየክረምቱ ጎርፍ አንድ አንድ ንጣፍ እየደረበ ያለፈበት ነው። ወጣቶቻችን ይህን ሲያዩ የፌስታሉን ጫፍ ይዘው መጎተት ይቀናቸዋል። አትጎትቱ! ፌስታሉና የሣሩ ሥር ተጠላልፈው ያንን አፈር አንድ ላይ ይዘውታል። ጎትታችሁ ስታወጡት ዳርቻው ይናዳል፤ በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ በዚያ በኩል ቤት ድረስ ይገባል። ከአፈሩ ውጭ የተንጠለጠለውን በቢላዋ ቁረጡ፣ የተቀበረውን ተዉት። ቄጤማና ሣር አይነቀልም። በዶማ የሚቆፈር ነገርም የለም፤ ነገ የሚያስፈልገን መንሽ፣ ሬክና አካፋ ነው።

ሥራው ከላይኛው ድልድይ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የተነካካው ተንሳፍፎ ስለሚሄድ። የሚያመልጠውን ለመያዝ በታችኛው ጫፍ ላይ ገመድ እንዘረጋለን፤ ክዳናቸው በደንብ የተጠበቀ ባዶ ሃይላንዶች በየክንዱ ርቀት ይታሰሩበታል፣ ከሥሩ ወንፊት ሽቦ ይንጠለጠላል። ገመዱ ወንዙን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ የለበትም፤ ሰያፍ ይሁን። ሰያፍ ሲሆን ቆሻሻው እየተንሸራተተ ወደ አንዱ ዳር ይመጣና እዚያ የቆመው ሰው በመንሽ ያወጣዋል። ቀጥ ካለ ግን መካከሉ ላይ ይከመርና ገመዱን ያሰጥመዋል። አንደኛው ጫፍ ዛፍ ላይ በጠንካራ ቋጠሮ፣ ሌላኛው በቀጭን ሲባጎ ይታሰራል። ድንገት ጎርፍ ቢመጣ ሲባጎው ይበጠስና ገመዱ ራሱን ወደ ዳር ይጥላል። በሁለቱም ጫፍ የጠበቀ ገመድ በደራሽ ጊዜ ግድብ ይሆናል፣ ውሃውንም ወደ ቤቶቹ ይመልሰዋል። ማታ ፈተን ይዘነው እንገባለን።

ጠባቂዎቹ ያስፈለጉትም ለዚሁ ለደራሽ ነው። እዚህ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ፊሽካ ይዘው ከላይኛው ድልድይ ወደ ላይ ወጣ ብለው ይቆማሉ። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ ይነፋሉ። ፊሽካ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ማዳበሪያ ለማዳን የሚመለስ ሰው አይኑር።

ስለ ጤና እናቶቻችን በተለይ ስሙኝ፤ በቤት የምታስጠብቁት እናንተ ናችሁና። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ እግሩ ወይም እጁ ላይ ቁስል ያለው ሰው ወንዝ አይወርድም፤ ከላይ ሻይ የሚያፈላ፣ ሲባጎ የሚቆርጥ እንፈልጋለን። ይህ ውሃ የሽንት ቤት ፍሳሽ አለበት። አተትን፣ ታይፎይድን፣ የአንጀት ትላትልን፣ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ትኩሳትን ያመጣል። ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት ያላደረገ ሰው አይገባም፤ በሰንደል የመጣን ወጣት ሳንሳቀቅ እንመልሰዋለን። መርፌ ያየ ሰው በእጁ አያንሳ፣ ማዳበሪያም ውስጥ አይክተት፤ ቡድን መሪው በመቆንጠጫ አንስቶ መሬት ላይ በተቀመጠ ጀሪካን ውስጥ ይጥለዋል። የሞተ ውሻ ወይም ድመት በአካፋ ተነስቶ ለብቻ በድርብ ማዳበሪያ ይገባል፣ ኖራ ይነሰነስበታል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ጭቃው በሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና ጭቃ ላይ አይሠራም። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ቦቲውና መሣሪያው ለ10 ደቂቃ ይነከራል። ይህ ለዕቃ ነው፤ እጅ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪሙ ሳይጠይቀው "ወንዝ ውስጥ ሠርቻለሁ" ብሎ ይንገር።

ነገ እሳት አይነድም። ኅዳር ሲታጠን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ የያዝነው ልማድ መሆኑን እናውቃለን፣ እናከብራለን። ነገር ግን ዛሬ በየደጁ የሚነደው ፌስታልና ጎማ ነው፤ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፣ አመዱም ወንዝ ይገባል።

ደግሞ አንዋሽም። ነገ ማታ ወንዙ ንጹሕ አይሆንም፤ የሚጸዳው የሚታየው ነው። የሚሸተው የሚመጣው ከቱቦ ነው። የጎርፍ ቱቦ ዝናብ በሌለበት ወር ደረቅ መሆን አለበት። ለ3 ቀን ሳይዘንብ ውሃ የሚያፈስ ቱቦ ካለ አንድ ሰው ፍሳሹን ቀጥሎበታል ማለት ነው። አረፋና የሳሙና ሽታ ካለው የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ግራጫ ሆኖ ከአፉ ሥር ጥቁር ልጋግ ከያዘ ሽንት ቤት ነው። እያንዳንዱ ቡድን መሪ በ50 ሜትሩ ውስጥ የሚያፈሱትን ቱቦዎች ቆጥሮ፣ ፎቶና ሰዓት ይዞ ይምጣ። ከዚያ ማንሆል በማንሆል ወደ ላይ እየሄድን ምንጩን ከወረዳው ባለሙያዎች ጋር እንፈልጋለን። የተገኘው ቤት የጎረቤታችን ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት የእድሩ ሽማግሌዎች ይሁኑ። ጉድጓዱ ሞልቶበት የማስመጠጫ ገንዘብ ያጣ ሰው ካለ እድሩ ሊመክርበት ይገባል። ያን ሰው ብናሳፍረው ቱቦውን በሌሊት ይከፍተዋል እንጂ አይዘጋውም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እድሩ ድንኳን ጋ እንገናኝ። የእድራችን ጡሩንባ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነፋል። አሁን ከመውጣታችሁ በፊት የቦቲ ቁጥራችሁን በሩ ላይ አስመዝግቡ፤ 42 እና 43 ቁጥር እያነሰን ነው፣ ቤቱ ያለው ሰው ተርፎት ከሆነ ይዞ ይምጣ።