ባቡሩን አቁሙት፦ ግለ ታሪክ በክፍል ውስጥ

ሰላም ወገን፣ እንደምን ከረማችሁ! ከድሬዳዋ ነው የምቀዳው። የዛሬው ወሬ በዋናነት ለመምህራን ነው፤ ወላጆችም ግን አትሂዱ፣ መሐል ላይ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ። ርዕሳችን ግለ ታሪክ ነው። ተማሪ የገዛ ሕይወቱን እየጻፈ እንዲማር ማድረግ።

ለምን ይህን መረጥኩ? ድርሰት ያረመ መምህር ያውቀዋል። «የትምህርት ጥቅም» ብላችሁ ርዕስ ስጡ። ስልሳ ልጅ ስልሳ ወረቀት ያመጣል፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አነበበ። «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው።» ቀጣዩን ትገልጣላችሁ፦ «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው።» ልጆቹ ሰንፈው እንዳይመስላችሁ። የሚያውቁትን ማን ጠየቃቸው?

እሺ። አሁን ባቡሩን ላምጣው። የድሬ ልጅ ሆኖ ባቡር ሳያነሣ ወሬ የሚጨርስ ካለ እስቲ አሳዩኝ!

ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። እንግዲህ አንድ ሰው ከጅቡቲ ድሬ የመጣበትን መንገድ አጫውተን ብንለው፣ እንዲህ ቢለን አስቡት፦ «ደወሌን አለፍን፤ አይሻን አለፍን፤ አዲጋላን አለፍን፤ ሽንሌን አለፍን፤ ድሬ ገባን።» ገባችሁ፣ እንኳን በደህና ገባችሁ! ግን ምን አያችሁ? ምንም። ባቡሩ አልቆመማ!

የተማሪ ግለ ታሪክም መጀመሪያ ሲጻፍ ልክ እንዲህ ነው። «ተወለድኩ። በሰባት ዓመቴ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስድስተኛ ክፍልን አለፍኩ። ስምንተኛ ክፍልን አለፍኩ።» አለፍኩ፣ አለፍኩ፣ አለፍኩ። ባቡሩ ይከንፋል፤ ጣቢያው በመስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

በድሮው ባቡር የሄደ ሰው ግን ምን እንደሚያጫውታችሁ ታውቃላችሁ። ባቡሩ የቆመበትን ነው። ቆመ፤ ሻጮቹ በመስኮት ተንጠላጠሉ፤ አንዱ ፍየሉን ይዞ ልግባ ብሎ ተቆጣጣሪውን ተማጸነ፤ አንዲት እናት ልጇን በስም እየጠራች ከፉርጎ ፉርጎ ሮጠች። ወሬው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ለተማሪ «የሕይወት ታሪክህን ጻፍ» አትበሉት። «አንድ ጣቢያ ምረጥ፣ ውረድ፣ ዙሪያህን እይ» በሉት። አንድ ጠዋት። አንድ ሰው። አንድ በር። አንድ ገጽ ይበቃል።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጻፈችውን ላንብብላችሁ፤ እሷም ቤተሰቧም ፈቅደዋል። መጀመሪያ ያመጣችው ይህን ነበር፦ «አያቴ ወተት ነጋዴ ናት። በጣም ጠንካራ ሴት ናት። በጣም እወዳታለሁ።» አለቀ። ወረቀቱ ዳር ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩላት፦ «ወተቱ ሲመጣ አያትሽ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?» በሳምንቱ ይህን ይዛ መጣች፦

«አያቴ ከሽንሌ በኩል የመጣውን ወተት ስትቀበል ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች። ጢስ ጢስ ካላላት ፊቷን ታዞራለች። ከዚያ ጠብ አድርጋ መዳፏ ላይ ትልሳለች። ሴትየዋ ዋጋ ስትጠራ አያቴ አትመልስም። ክዳኑን ትከድንና ዝም ትላለች። ዋጋው የሚወርደው ያኔ ነው።»

አቦ! «ዋጋው የሚወርደው ያኔ ነው።» ይህች ልጅ ድርሰት አትችልም ተብላ የነበረች ናት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «አጨብጭቡላት» ብለን ወደ ቀጣዩ ተማሪ እንሄዳለን። ትምህርቱ እኮ ገና አሁን መጀመሩ ነው። ወተቱ ጢስ ጢስ የሚለው ዕቃው ስለሚታጠን ነው፤ መታጠኑ ወተቱ በሙቀት ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ሳይንስ ገባችሁ። ለምን ከሽንሌ በኩል? አርብቶ አደሩ የት ነው፣ ገበያው የት ነው? ጂኦግራፊ። ዝምታ እንዴት ዋጋ ያወርዳል? ኢኮኖሚክስ። ከአንዲት ልጅ አንድ ገጽ!

ንድፈ ሐሳቡን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ ትምህርት ኮሌጅ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። አሜሪካዊው የሥርዓተ ትምህርት ምሁር ዊሊያም ፓይናር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያቀረቡት አካሄድ አራት ደረጃ አለው፦ ወደ ኋላ ሄዶ ማስታወስ፣ ወደ ፊት አሻግሮ ማሰብ፣ ሁለቱን ከዛሬ ጋር አስተያይቶ መተንተን፣ ከዚያ ሁሉንም ማዋሃድ። ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፊሊፕ ለዠን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ግለ ታሪክን ከልብ ወለድ የሚለየው ውል ነው አሉ፤ ጸሐፊው፣ ተራኪውና ባለታሪኩ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ለአንባቢ ቃል መግባት። በቃ፣ ይኸው ነው። የኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ማስታወሱ ላይ ይቀራሉ። በወተቱ ያየነው ሦስተኛውን፣ ትንተናውን ነው።

ከአካባቢያችን ምሳሌ ለምትፈልጉ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሉላችሁ። ልጅነታቸውን ሐረር ራስ መኮንን ቤት አሳልፈው፣ ገና ልጅ ሳሉ ዓድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ግለ ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። ዓድዋን ከመማሪያ መጽሐፉ ካስነበባችሁ በኋላ፣ በቦታው ከነበረ ልጅ አንደበት አንድ ገጽ አስነብቡ፤ የሚመጡላችሁን ጥያቄዎች ታያላችሁ።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ። ይህን ርዕስ እንደማመጣ ስናገር አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ፦ «ይህ የቤት ገመና ማስወጣት ነው። ልጄ የቤቴን ጉዳይ ስልሳ ሰው ፊት እንዲያነብ አልፈቅድም።» አንዲት እናት ደግሞ «መምህሩ የነፍስ አባት ነው እንዴ?» ብለዋል። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ አላልፈውም።

እናቴ፣ ገመና ይከበራል፤ በዚህ አንለያይም። ግን ግለ ታሪክና ምስጢር አንድ አይደሉም። የወተቱን ጽሑፍ መልሳችሁ ስሙት። ምን ገመና ወጣ? ጣቢያውን የሚመርጠው ተማሪው ነው። መምህር «ስለ አባታችሁ ጻፉ» ብሎ ካዘዘ፣ አባቱን የማያውቀው ልጅ ምን ይሁን? ይዋሽ ወይስ ያልቅስ? እንዲህ ያለው ትእዛዝ ጭካኔ ነው፣ በጣም እቃወመዋለሁ።

ይህ የሚብሰው ደግሞ እንደኛ ባለ ከተማ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ያኔ አልተወለዱም፤ እናቶቻቸው ግን ነበሩ። «ስለ ጎርፉ ቤተሰባችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ» የሚል መምህር የማንን ቁስል እንደሚነካ አያውቅም። ልጁ ራሱ አንሥቶት ከመጣ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ በጥንቃቄ ይነበባል።

ጥናቱም ይህንኑ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከርና ባልደረባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ አጻፏቸው። የደረሰባቸውን ክፉ ነገር የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ብቻ ይዞ ይሮጣል። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። ደወል ተደውሎ ልጁ ወደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲገባ ማን ያየዋል? ስለዚህ ክፍል ውስጥ ቁስል አናስቆፍርም። ጮክ ብሎ ማንበብ በፈቃድ ብቻ ይሁን። «ይህን አልሰጥም» ያለ ተማሪ ሌላ ገጽ ጽፎ ይስጥ፣ ምክንያትም አይጠየቅ። አደጋ የሚጠቁም ነገር ካነበባችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትያዙት፤ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ውሰዱት፣ ለተማሪዎቹም ይህን ከመጀመሪያው ንገሯቸው።

ሌላ አንድ ነገር። ከተማችን ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ ትናገራለች፤ አንዱ ልጅ ከቁርስ እስከ ምሳ ሦስቱን ይቀያይራል። የመጀመሪያውን ረቂቅ አያቱን በሚያናግርበት ቋንቋ ይጻፈው። ፊደልና ሰዋስው በሁለተኛው ረቂቅ ይታያል።

ነጥብስ? «ቲቸር፣ የኔ ሕይወት አሥር ከሃያ ነው ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕይወቱ አይታረምም፣ መከራ ለበዛበትም ተጨማሪ ነጥብ የለም። የምናርመው ባቡሩ መቆሙን ነው፦ የሚታይ፣ የሚሸተት፣ የሚሰማ ነገር አለ ወይ? ከትምህርቱ ጋር ያያያዘበት አንቀጽስ? እነዚህን የያዘውን የማረሚያ ቅጽ በሚቀጥለው ቪዲዮ መስመር በመስመር እናየዋለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለመምህር ጓደኞቻችሁም ላኩ። ክፍላችሁ ውስጥ ሞክራችሁት ያልሆነላችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ምን ብላችሁ እንዳዘዛችሁ ጭምር።