ማሽኑ ሳይሆን መዝገቡ

ሰላም፦ ዮኒ፣ ጨረስከው?

ዮናስ፦ ትናንት ሌሊት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ላልሰሙ አድማጮች፣ «ብላክ ኖ ሞር» ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ስካይለር በፈረንጆቹ 1931 ያሳተመው የስላቅ ልቦለድ ነው። አንድ ጥቁር ሐኪም ጥቁርን ሰው በ3 ቀን ነጭ የሚያደርግ ዘዴ ያገኛል። ዋጋው 50 ዶላር።

ሰላም፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማክስ፣ የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር የሐርለም ልጅ፣ ሮጦ ይሄዳል። ለምን በለኝ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ አንዲት ከአትላንታ የመጣች ነጭ ሴት እንደንስ ቢላት ሰድባ መለሰችው። ነጭ ሲሆን እሷን ፍለጋ አትላንታ ይወርዳል። ለካ የነጭ የበላይነት ማኅበር መሪ ልጅ ናት! ማኅበሩ ውስጥ ገብቶ ትልቅ ሰው ይሆናል። ያገባታልም።

ዮናስ፦ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ነጭ ማድረጊያው ማሽን ነው። እኔን የያዘኝ ግን መዝገቡ ነው። ጥቁርና ነጭ በዓይን መለየት ሲያቅት፣ አንድ የቨርጂንያ ባላባት የሕዝቡን የዘር ሐረግ ያስቆጥራል። ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ፈላ። የጥቁር ዘር ካላቸው መሀል የራሱ ስም አለበት። የማኅበሩ መሪም አለበት።

ሰላም፦ ይሄ እኮ ከምንም ተነሥቶ የተጻፈ አይደለም። ቨርጂንያ በ1924 ያወጣችው ሕግ፣ ነጭ ማለት ከነጭ ሌላ የደም ጠብታ የሌለበት ነው ይል ነበር። ግን የአገሩ ነባር ሕዝብ ደም አንድ አሥራ ስድስተኛ ድረስ ቢኖርም ግድ የለም አለ። ለምን መሰለህ? ትልልቆቹ ቤተሰቦች የነባሩ ሕዝብ አለቃ ልጅ የፖካሆንታስ ዘር ነን እያሉ ይኮሩ ነበራ። ሕጉ እነሱኑ ከነጭነት ሊያስወጣቸው ሆነ።

ዮናስ፦ ለራሳቸው በር ትተው በሌላው ላይ ዘጉ። ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የከለከለው ክፍል እስከ 1967 ቆየ። ያናድደኛል።

ሰላም፦ እኔን ያስለቀሰኝ የወሊዱ ቦታ ነው። ሚስቱ ሄለን ትወልዳለች። ሕፃኑ ጠቆር ያለ ነው። ማክስ ጉዴ ወጣ ብሎ ቆሟል። በዚህ መሀል ጋዜጣ ይመጣል። የአባቷ ዘር ተጽፏል። ሄለን ጥፋቱ የኔ ነው ብላ፣ ይቅር በለኝ ብላ ታለቅሳለች።

ዮናስ፦ እሱን ይቅርታ!

ሰላም፦ እሱን! ዝም ቢል ይድን ነበር። ማን ያውቅበታል? እሱ ግን ነገራት።

ዮናስ፦ እዚያ ጋ መጽሐፉን አጠፍኩት። በውሸት ስንት ገንዘብ የሰበሰበ ሰው ነው። ውሸቱ ምንም በማያስከፍለው ሰዓት እውነቱን ተናገረ።

ሰላም፦ እኛ ቤት «ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ነው ያደግኩት። እኔም ስንቴ ብያለሁ። አሁን ልለው ስል አፌ ላይ ይከብደኛል።

ዮናስ፦ ሄለን ግን ስትሰማ ምን ሆነች?

ሰላም፦ እፎይ አለች። አልተጸየፈችውም። ኮራችበት። ያቺ በዋዜማው ከአንተ ጋር አልደንስም ያለችው ሴት።