ያቺ «ኧ»

እ... ሰላም። የባጃጅ ጥሩምባ ከገባ ይቅርታ፤ ሐዋሳ ነን፣ መስኮቱም ያው መስኮት ነው፣ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፤ ግን አንድ ሆቴል ለእንግዶች የጻፈው ደብዳቤ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ናት። «ዊ ሃቭ ፊው ሩምስ ፎር ዩር ግሩፕ።» ጸሐፊው «የተወሰኑ ክፍሎች አሉን፣ ኑ» ማለቱ ነው። አንባቢው ጋ የደረሰው ግን «ክፍል እምብዛም የለንም» ነው። እስቲ ቀስ ብላችሁ ስሙት። ፊው ሩምስ... ኧ ፊው ሩምስ። ያቺ «ኧ» ስትገባ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፤ ስትወጣ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። በማይቆጠረውም ያው ነው። «ኧ ሊትል ታይም» ያለው ሰው ቡና ያደርሳችኋል፤ «ሊትል ታይም» ያለው ሰዓቱን እያየ ነው።

«ኦንሊ ኧ ፊው» ሲሆን ደግሞ የሰጠውን መልሶ ይነጥቃል። «ኳይት ኧ ፊው»ማ ጭራሽ ብዙ ማለት ነው! ኳይትን «በጣም» ብሎ የያዘ ሰው «በጣም ጥቂት ቅሬታ ቀረበ» ብሎ ይተረጉመውና አለቃው ደስ ብሎት ይፈርማል።

እንዲህ መሳሳት ስንፍና ግን አይደለም። እኛ ይህን ለግሱ ነው የምንተወው፦ «ጥቂት አለ»፣ «ብዙም የለ»። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በአንዲት ድምፅ... መሰለኝ።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ቆንጠር የምናደርገውን እነሱ ማንኪያ ሠርተውለታል። ዳሽ የሻይ ማንኪያ 1/8፣ ፒንች 1/16፣ ስሚጅን 1/32 ተብሎ ይሸጣል። ስሚጅንን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ እንዳታስገቡ፣ የጨዋታ ቃል ነው። «ኧ ፒንች ኦፍ ሶልት» ይዘህ ስማው ከተባለም ወጥ የለም፤ ሙሉ በሙሉ አትመነው ነው። አሜሪካኖቹ «ግሬይን» ይሉታል።

የሚገጥሙልንም አሉ። «ኧ ተች ኦፍ ፍሉ» ቁርጥ «ጉንፋን ቢጤ» ነው። «ሽሬድ ኦፍ ኤቪደንስ» እንደኛው «ቅንጣት ማስረጃ» ከ«የለም» ጋር ነው የሚያምርበት። «አዮታ»ም ማቴዎስ ላይ ያለችው «አንዲት የውጣ» ናት።

የማይገጥመው «ኧ ድሮፕ ኢን ዚ ኦሽን»፣ ውቅያኖስ ውስጥ አንዲት ጠብታ፣ ነው። ሁሉም «ዓባይን በጭልፋ» ይለዋል። ጭልፋው «ገና ብዙ አለ፣ ለቅምሻ ይህን ያዙ» ነው፤ ጠብታዋ ግን «የሰጣችሁት የትም አይደርስ» ናት። ለረጂ ድርጅት የምስጋና ንግግር ላይ ብትገባ... ኧረ በስመአብ።

ደብዳቤው ላይ «ሲክስ ሩምስ» ብሎ ቁጥሩን ቢጽፍ አይገላገልም ነበር? ግን ቆይ፣ እንግዶቹ አርባ ከሆኑ፣ ስድስት ክፍል ያው... «ፊው» ልክ ነበራ። እ... እንደገና ላንብበው።