መደቡን አንሳልኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ገበያ ፎቶ ስለማንሳት ነው የማወራችሁ።

ከቃሊቲ አልፎ፣ አቃቂ አካባቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት የምሄድበት የአትክልት ገበያ አለ። "ይነሳል" መባል ከጀመረ ቆየ። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ሻጮቹን ስትጠይቋቸው "ሲሉ ሰማን" ይላሉ። ከተማው ውስጥ ስንት ሰፈር ሲፈርስ ያየ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ አይንቅም። ካሜራዬን ይዤ መመላለስ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ገበያ መነሳት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ ገፋው፣ መርካቶ የምንለው ያ ነው። የፒያሳው አትክልት ተራ ደግሞ በ2012 ኮሮና ሲገባ ጃንሜዳ ወረደ። የዚያን ክረምት ጭቃ ያየ ያውቀዋል። ለ2013 ጥምቀት ሜዳው መለቀቅ ስለነበረበት፣ ሻጩ እንደገና ጓዙን ጠቅልሎ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ።

የአራዳን ገበያ ፎቶዎች አይታችሁ ይሆናል። መንገደኛ ፈረንጆች ያነሷቸው ብዙ አሉ። ካየኋቸው አብዛኞቹ ከሩቅ የተነሱ ናቸው። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶታል። ማን ምን እንደሚሸጥ፣ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ግን አይለይም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ቀረብ ብዬ ነው የማነሳው።

ቀረብ ሲሉ ደግሞ የሸራው ጣጣ አለ። የካሜራ ወሬ የማይመቻችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ሰማያዊ ሸራ ሥር ቲማቲሙ ይጠቁራል፣ የሰው ፊት የታመመ ይመስላል። ብርቱካናማ ሸራ ሥር ደግሞ ጥቅል ጎመኑ ሳይቀር ይቀላል። ካሜራው ራሱ ላስተካክል ሲል ይብስበታል። እኔ የማደርገው፣ ነጭ ማዳበሪያ ፈልጌ የካሜራውን ነጭ በእሱ ማስተካከል ነው። ማዳበሪያ እዚያ ሞልቷል። ከሁሉም የሚሻለው ግን 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ስላለች ብርሃኑ በጎን ከሸራው ሥር ይገባል። በመቂ በኩል ቲማቲም ጭኖ ሌሊቱን የመጣው አይሱዙ ያን ሰዓት አራግፎ ጨርሷል፣ ሻጮቹም መደብ መደርደር ላይ ናቸው።

አንዲት እናት አሉ። ቲማቲም አራት ከታች፣ አንድ ከላይ ያደርጋሉ። የተሰነጠቀ ካለ ስንጥቁን ወደ ውስጥ ያዞሩታል። አጠገባቸው ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ ሃይላንድ አለ። ቆስጣው እንዳይጠወልግ በእሱ ውሃ ያርከፈክፋሉ። እኔ ዓይኔ ያረፈው ቦት ጫማቸው ላይ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ካሜራዬን ዝቅ ሳደርግ አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጭቃውን አታንሳብኝ። መደቡን አንሳልኝ።"

ቲማቲሙን በጨርቅ ወለወሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፎቶው እንደ ፎቶ ትንሽ ድርቅ ያለ ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ሥራቸው ለእሳቸው ምን እንደሆነ ያሳያል። ጭቃውን ማንሳቴን አልተውኩም፣ መንገዱን ብቻውን አነሳዋለሁ። ሰው አልጨምርበትም።

ደግሞ ለጭቃው የሚያለቅስ የለም፣ እንዳትሳሳቱ። "ጣሪያና ሽንት ቤት ያለው ቦታ ከሰጡን ዛሬውኑ እንሂድ" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ የምትውል ሴት ፊት ስለ ድሮ ገበያ ውበት ማውራት ያሳፍራል።

የሚያሳስባቸው ጉርብትናው ነው። አንዷ ጸሎት ልትደርስ ብድግ ስትል የጎኗ ሴት ትሸጥላታለች። ገንዘቡን ማዳበሪያው ሥር ታስቀምጥላታለች። ጅምላ ሻጩም ጠዋት በዱቤ አራግፎ ማታ የሚሰበስበው ማን የት እንደምትቀመጥ ስለሚያውቅ ነው። አዲሱ ቦታ በእጣ ከሆነ ይሄ ሁሉ ይበተናል። ስለዚህ አሁን ረድፉን እንዳለ እያነሳሁ ነው። ከመብራት ምሰሶው እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ እያንዳንዷ በመደቧ ላይ፣ ግራና ቀኟ ያሉት ሁለቱ እንዲታዩ አድርጌ።

በእርግጥ ሁሉም ደስ አላላቸውም። ሁለት ጎረቤታሞች በደንበኛ ተኮራርፈው ነበር። አንዷ "እሷ ካለችበት እኔን ተወኝ" አለችኝ። ሌላ ቅዳሜ ስመለስ ቡና አብረው ሲጠጡ አገኘኋቸው። ቶሎ አነሳኋቸው፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ።

ፎቶውን አሳትሜ ነው የምሰጠው። እናቶቹ ወረቀት ነው የሚወዱት። ተሸካሚዎቹ ግን "በቴሌግራም ላክልን" ይላሉ፣ ያውም ኩንታሉን እንደተሸከሙ።

ሽንኩርት ተራው ይቀረኛል። እዚያ አንድ አባት አሉ። "ሚዛኑን ካላነሳህ እኔን አንሳ" ብለውኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።