የጨረቃ ደብተር፦ ጸደይ በሐዋሳ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች

(በሐዋሳ የተቀረጸ የፖድካስት ውይይት። መምህርት፦ በአንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ታስተምራለች። አባት፦ እዚያው የምትማር ልጅ አለችው።)

አባት፦ ጤና ይስጥልን ወዳጆቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን ነው የጀመርነው። ከጀርባችን ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የቤቱ አሸንዳ ነው።

መምህርት፦ አሸንዳው ይቆየን፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አባት፦ እሺ። ዛሬ የምናወራው ስለ ጸደይ ነው። በከተማችንና በዙሪያዋ ባሉ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ በዚህ ወቅት ምን ይሠራሉ? የሚሠሩትስ ትምህርት ነው ወይስ ጨዋታ? ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጥሪልኝ። እኔ ጸደይ ሲባል የሚታየኝ መስከረም ነው፣ አደይ አበባ።

መምህርት፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። በቆየው አቆጣጠራችን ግን መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው፣ ጥቢም ይሉታል። ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። ገበሬው በልግ የሚለው ወቅት ነው። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ ሁለተኛው ሴሚስተር እንለዋለን።

አባት፦ ወላጅ ደግሞ ጭንቀት ይለዋል። እኔና አንቺ የተዋወቅነውም በዚሁ ጭንቀት ነው፤ ልንገራቸው?

መምህርት፦ ንገራቸው።

አባት፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን 29 ሳጥን የተሰመረበት ደብተር ይዛ መጣች። ማታ ማታ ውጪ ወጥታ ጨረቃን እያየች ትስላለች፣ በቀን አንድ ሳጥን። በሚቀጥለው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፣ እሷ ደጅ ቆማ ሰማይ ታያለች። ደሜ ፈላ። አንድ ምሽት ደብተሯን ገልጬ ሳይ ጨረቃዋ ተጋድማለች፤ እንደ ጀልባ፣ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ላይ። «ጨረቃ እንዲህ አትሳልም» ብዬ በላጲስ አጠፋሁና መጽሐፍ ላይ እንዳለችው ቀጥ ብላ የቆመችዋን ሳልኩላት። ልጅቷ ምንም አላለችኝም። በነጋታው አመሻሽ ላይ ግን እጄን ይዛ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ ወሰደችኝ። ፀሐይ ገብታ ትንሽ እንደቆየን ውሃው ላይ ወደ ምዕራብ አየሁ። ጨረቃዋ ተጋድማለች። ልክ ልጄ እንደሳለቻት።

መምህርት፦ እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ትምህርት ቤት የመጣህብኝ።

አባት፦ የመጣሁት ልቆጣ አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ ልጠይቅ ነበር። ልጄን አርሜ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት እዚህች ከተማ ስኖር ቀና ብዬ አላየሁም ማለት ነው።

መምህርት፦ መጽሐፉም አልዋሸም። ሥዕሉ የተሳለው ከምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እኛ ዘንድ ስትጠልቅ ቁልቁል ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ አዲስዋ ጨረቃም እሷን ተከትላ ትወርዳለች። ስለዚህ ፀሐይ ከጨረቃዋ ሥር ትሆናለች፣ የሚበራውም የታችኛው ወገኗ ነው። በተለይ በዚህ ወቅት ጎልቶ ይታያል። ሰሜን አውሮፓ ብትሄድ ፀሐይ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ስለምትጠልቅ ጨረቃዋን የምታገኛት ቆማ ነው። አንድ ልጅ ይህን በዓይኑ አይቶ ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያይ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። እኔ የምፈልገው ያንን «ለምን» ነው።

አባት፦ ግን የጨረቃ ደብተር ከካቶሊክ ትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ወላጅ የሚጠይቀው ነው።

መምህርት፦ ክፍሌ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ልንገርህ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነው። ትምህርት ቤቶቹን የሚሞሉት ካቶሊኮች ብቻ አይደሉም። የእኔ ክፍል ፕሮቴስታንት አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል፤ የምናስተምረው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ታዲያ ጸደይ ሲቃረብ ምን ይሆናል? በዓላቱ ይደራረባሉ። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። በአንድ ዴስክ ላይ ሁለት ጿሚ። ሲዳማዎቹ ደግሞ ዘመን መለወጫቸውን፣ ፊቼ ጨምበላላን ይጠብቃሉ።

አባት፦ እሱ በዩኔስኮ የተመዘገበው ነው።

መምህርት፦ አዎ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2015። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትንና ጨረቃን የሚያነቡ አያንቶዎች ናቸው። ረመዳን በጨረቃ ይገባል፣ በጨረቃ ይወጣል። ፋሲካም የጨረቃ ሒሳብ አለበት። በአገራችን ደግሞ ካቶሊኩ ፋሲካን የሚያከብረው ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ነው። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ሚስ፣ ጨረቃዋ የማናት?» አለኝ። ደብተሩ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው እንጂ እኔ ከሌላ ቦታ አላመጣሁትም።

አባት፦ መሪጌታውን ንገሪያቸው፣ ልጄ እስካሁን የምታወራው እሱን ነው።

መምህርት፦ የአንድ ተማሪ አያት መሪጌታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብን፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት አሳዩን፣ ግን እንደ ሒሳብ። ልጆቹ በዚያ ሰሞን የሚማሩት ቀሪ ያለው ማካፈል ነበር። 5500 ላይ 2018 ደምሩ አሏቸው፣ 7518። ለ19 አካፍሉ፤ ቀሪው 13። አንድ ቀንሱ፣ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። በ11 አባዙ፣ 132። ለ30 አካፍሉ፤ ቀሪው 12፣ የዓመቱ አበቅቴ። ወንበሩን ደግሞ በ19 አባዝታችሁ ለ30 አካፍሉ፤ ቀሪው 18፣ መጥቅዕ። አሁን ሁለቱን ደምሩ።

አባት፦ 30።

መምህርት፦ 30! የየራሳቸውን የልደት ዓመት እያስገቡ ሞከሩት፣ ሁሌም 30። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ከዚያ አንዲት ልጅ፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ናት፣ «11 ለምን?» አለች። መሪጌታው ፊታቸው በራ። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ደግሞ 354፤ ልዩነቱ 11 ነው አሏት። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ «ለካ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚሄደው ለዚህ ነው» አለች። ማንም አልነገራትም። እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ በደስታ።

አባት፦ እኔ ማልቀስሽን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።

መምህርት፦ ለፊቼ ደግሞ አንዲት አያት መጡ። ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት እንዴት እንደሚሠራ አሳዩን። በዓሉ ላይ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከቤት ቤት እንደሚዞሩ በሲዳምኛ ነበር የነገሩን፤ አማርኛ አይችሉም። የተረጎሙት ልጆቹ ናቸው። ሌላ ጊዜ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ያን ቀን አስተርጓሚ ሆኖ ከፊት ቆመ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ቅዱስ ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል፣ ፈረንሳዊ ቄስ፣ የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ የተባለ። በዓሉ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 7 ነው፣ በእኛ መጋቢት 29 ላይ ይውላል፤ ጸደይ በገባ በአራተኛው ቀን። በ1680 እ.ኤ.አ. የመምህራን ማኅበሩን ሲጀምር የድሃ ልጆች ማንበብ የሚጀምሩት በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት ቋንቋ ይሁን አለ። በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

አባት፦ አሁን ወደ አሸንዳው እንመለስ። ቃል ገብተሻል።

መምህርት፦ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የዝናብ መለኪያ ይሠራሉ። ከሃይላንድ ነው፤ አንገቱን ቆርጠህ ገልብጠህ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ትለጥፋለህ። ግርጌው ጎድጎድ ስላለ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ውሃ መሙላት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ልኬቱ ይዛባል። ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ በፊት ተረኛው ያነብና ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። እስከዚህ ድረስ ተራ ነገር ነው። ነገሩ የሚጣፍጠው አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር እንደሆነ ሲገባቸው ነው። የመማሪያ ክፍላቸውን ጣሪያ ለኩ፤ 8 በ6። 48 ካሬ ሜትር። 10 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን ስንት ሊትር ወረደበት?

አባት፦ 480።

መምህርት፦ በ20 ሊትሩ ጀሪካን 24 ጀሪካን። ከአንድ ክፍል ቆርቆሮ! ቤታቸው ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚሸከሙ ልጆች አሉ፤ 24 ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ከመካከላቸው አንዱ «ታዲያ የት ገባ?» አለ።

አባት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው።

መምህርት፦ ጥያቄውን ተከትለን ሄድን። በአሸንዳው ወርዶ ግቢውን አቋርጦ ወደ ዲች ይገባል። ዲቹ ወደ ሐይቁ። ከሐይቁስ? አይወጣም። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። በትነት እየቀነሰ፣ በዝናብና በጎርፍ እየተሞላ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጎርፉ ይዞት የገባው ፌስታል ወደ ሌላ አገር አይሄድም፤ እዚያው ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወስደናቸው አባ ኮዳዎቹን ሲቆጥሩ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲለዩ ካዩ በኋላ ከዳር የቆመውን ፕላስቲክ አሳየኋቸው። «ይሄ የእኛ ዲች ነው?» አለችኝ አንዷ። ጽዳት ዘመቻ ብዬ ጓንት አስይዤ አላወጣኋቸውም። ራሳቸው ናቸው በሳምንቱ የትምህርት ቤቱን ዲች አፍ በወንፊት ሽቦ እንዝጋ ያሉት። ዘበኛው አገዟቸው።

አባት፦ አሁን ግን ወላጅ ሆኜ አንድ ቅሬታ ላንሳ። ሁሉም የጸደይ ዝግጅት እንዲህ አይደለም። የወላጆች ቀን ሲደርስ ለአንድ ቀን ጭፈራ ልብስ ግዙ እንባላለን፤ ሁለት ልጅ ያለው ቤተሰብ ያስጨንቀዋል። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ያን ቀን አሞታል ብሎ ያስቀረዋል። አይቻለሁ።

መምህርት፦ አልከራከርህም። እንዲያውም እብሳለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ተቋርጦ ለዝግጅት ልምምድ ሲደረግ ልቤ ይደማል። ከሌሎች የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መምህራን ጋር ስንገናኝ የምንከራከርበት ነው። እኔ የምለው ወላጅ ሲመጣ ልጆቹ የሠሩትን ያሳዩ፤ የዝናቡን ግራፍ፣ የጨረቃውን ደብተር። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ያስረዱ። ለሆሳዕና ዘንባባ ሲጎነጉኑም እንደዚያው፤ ቀለበት የሚችል ለማይችለው ያሳያል፣ አንድ ብር አያስወጣም። የሚጎነጉኑት ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸው ልጆች ናቸው፣ ከክፍል ሰዓት ውጪ።

አባት፦ ፈተናውስ? ከእሱ አልሸሽም፣ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

መምህርት፦ እኔም አልሸሽም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከግንቦት ጀምሮ የሚያስፈልገው ክለሳ ነው፣ እናደርገዋለን። ጨረቃና ዝናብ የሚመጡት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፣ ጊዜ እያለ። ቀሪ ያለው ማካፈል ደግሞ ፈተና ላይ ይመጣል።

አባት፦ ልጄ ዘንድሮ ስድስተኛ ናት፤ ክለሳ ላይ ነች። ትናንት ማታ ያንን አሮጌ ደብተር ከመሳቢያ አውጥታ አየኋት። ከ29ኙ ሳጥን ሰባቱ ላይ ሥዕል የለም። «አላየሁም፣ ደመና ነበር» ይላል፣ በእርሳስ።

መምህርት፦ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ ገምታ ልትሞላቸው ፈልጋ ነበር። «ያላየሽውን አላየሁም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አኩርፋ ሄደች።

አባት፦ አንዱ ሳጥን ላይ ግን ላጲስ ያደበዘዘው አለ፣ እኔ ያጠፋሁት። ሥር ላይ በትንሹ «አባቴ ሳለው፣ እሱ አላየም» ብላበታለች። በነጋታው ካለው ሳጥን ውስጥ ተጋድማ የተሳለች ጨረቃ አለች። «ከአባቴ ጋር አየሁ» ይላል።